ከ«ኮንታክት» በፊት ያለው ነገር፦ የአውሮፕላን ሽቦ፣ የላሜራ ጠርዝና የስያሜያቸው ታሪክ

በጋዜጦቻችንና በሬዲዮ ዜናዎቻችን የእሳት አደጋ መንስኤ በሚገለጽበት ጊዜ «የኤሌክትሪክ ኮንታክት» የሚለው ሐረግ እጅግ የተለመደ ሆኗል። ለአድማጭ ግልጽ ይመስላል፤ ሊገናኙ የማይገባቸው ሁለት ነገሮች ተገናኙ ማለት ነው። ይሁን እንጂ የሚነግረን የመጨረሻውን ቅጽበት ብቻ ነው። ከዚያ ቅጽበት በፊት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ከዐይን ተሰውሮ ሲካሄድ የቆየውን፣ ይኸውም የሽቦውን ሽፋን ጥቂት በጥቂት ያስወገደውን ሂደት አይገልጽልንም። ለዚህ ቀዳሚ ሂደት በአማርኛ ሙያዊ ጽሑፍ የጸና ስያሜ አለመኖሩ ለተርጓሚ ከባድ ችግር ነው፤ የጥገና መመሪያ የሚጻፈው ኮንታክት ከደረሰ በኋላ ለማልቀስ ሳይሆን አስቀድሞ ለመከላከል ነውና።

ሂደቱ በጥልቀት የተጠናው በአውሮፕላን ላይ ነው። ምክንያቱም ስውር አይደለም፤ ቤት ውስጥ ሽቦ ቢቃጠል ሰው ወደ ደጅ ይወጣል፣ በአየር ላይ ግን ደጅ የለም። ስለዚህም በዚህ ጽሑፍ የአውሮፕላን ሽቦ ከቀጭን ላሜራ ጠርዝ ጋር ያለውን የቆየ ጠብ፣ ጠቡን ለማብረድ የተፈለሰፉትን ትናንሽ ዕቃዎችና የስማቸውን ታሪክ አያይዘን እንመለከታለን። የዘመን ቁጥሮቹ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተጠቀሰ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች ከእንጨትና ከሸራ የተሠሩ ነበሩ፤ በውስጣቸውም ይህ ነው የሚባል የኤሌክትሪክ ሽቦ አልነበረም። በ1930ዎቹ ዓመታት ግን ሁለት ነገሮች አብረው መጡ። አንደኛው አካሉ በሙሉ ከቀጭን የአሉሚኒየም ቅይጥ ላሜራ መሠራቱ ነው፤ በ1935 መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ዲሲ-3 ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ይሆናል። ሁለተኛው የሬዲዮው፣ የመብራቱና የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎቹ መብዛት ነው። መሐንዲሶቹ ክብደት ለመቀነስ የአካሉን ጎድኖችና ክፍልፋዮች በክብ በክብ ይበሷቸው ነበር። ይህ «ማቅለያ ቀዳዳ» ልንለው የምንችለው ብስ ለሽቦ ዘርጊው የተዘጋጀ መንገድ ሆነለት። በኋላ ብዙ ጣጣ ያመጣው ይህ መመቻቸት ነው። የቀዳዳው ጠርዝ የላሜራውን ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ ብረት ደግሞ ስለት ነው።

አውሮፕላን በሥራ ላይ ሳለ ፈጽሞ ጸጥ አይልም። ሞተሩ ያንቀጠቅጠዋል፤ ውስጡ በአየር ግፊት በሚሞላበት ጊዜ አካሉ በጥቂቱ ይነፋል፣ ሲወርድ ይኮማተራል፤ መሬት ላይ በፀሐይ የጋለው ብረት ከፍታ ላይ በብርድ ይጨብጣል። ስለዚህ ጠርዝ የነካ ሽቦ ተኝቶ አይቆይም፤ በእያንዳንዱ ደቂቃ ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይላል። በአንድ በረራ የሚደርሰው ጉዳት ለዐይን አይታይም። ጉዳቱ የሚታየው በሺህ የሚቆጠሩ በረራዎች ሲደመሩ ነው።

መከላከያዎቹ በመልካቸው ተራ ናቸው። በክብ ቀዳዳ ላይ የሚሰካ የጎማ ቀለበት አለ። ሽቦዎቹን በአንድነት አቅፎ ከአካሉ ጋር የሚያያዝ፣ ውስጡ በጎማ የተለበጠ የብረት ማቀፊያ አለ፤ አሜሪካውያን ባለሙያዎች ይህን «አዴል» ይሉታል፤ ቃሉ በካሊፎርኒያ የነበረ የአንድ ፋብሪካ ስም ሲሆን ከጊዜ በኋላ የዕቃው ተራ ስም ሆኖ ቀርቷል። ክብ ላልሆነ ቀዳዳ የሚያገለግል፣ እንደ ጥርስ የተከፋፈለና እንደ ልብ የሚታጠፍ የናይሎን ጠርዝ መሸፈኛ አለ። ሽቦውን የሚያለብስ እጅጌም አለ። ደንቡም እንደ ዕቃው ቀላል ነው። የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በ1998 ያወጣው የጥገና ምክር ሽቦ ከቀዳዳ ጠርዝ ከሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6 ሚሊሜትር ገደማ በታች ከቀረበ ቀዳዳው ተስማሚ ቀለበት እንዲደረግለት ያዝዛል። በሁለት ማቀፊያዎች መካከል ያለው ሽቦ በመጠነኛ የእጅ ግፊት ሲጫኑት ከግማሽ ኢንች በላይ እንዳይረግብም ይመክራል። መለኪያው የሰው እጅ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ሚሊዮን ብሮች በሚፈስሱበት ሙያ ውስጥ የሽቦ ርግበት እስከ ዛሬ በመዳፍ ይለካል።

እነዚህ ዕቃዎች በየቋንቋው ያገኙት ስም የየቋንቋውን የኑሮ ታሪክ ያሳያል። እንግሊዞች የጎማውን ቀለበት «ግሮሜት» ይሉታል። የሥርወ ቃል ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት ይህ ቃል ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የተወሰደ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ ከፈረስ ልጓም ጋር የሚያያዝ፣ ከአገጩ ሥር የሚያልፍ ሰንሰለት ነበር። ከፈረሱ ወደ መርከብ ተሻግሮ ሸራ የሚያዝበት የገመድ ቀለበት ሆነ፤ ከመርከብ ወደ አውሮፕላን ሲሻገር የላሜራ ቀዳዳ መሸፈኛ ሆነ። ፈረንሳዮች ራሳቸው ግን ይህን የራሳቸውን ልጅ ረስተው «ፓስ-ፊል» ይላሉ፤ ሽቦ ማሳለፊያ ማለት ነው። ጀርመኖች «ቱለ» ይሉታል፤ የማንቆርቆሪያ ጡት እንደ ማለት ነው። አንዱ በታሪክ፣ ሁለተኛው በተግባር፣ ሦስተኛው በቅርጽ ሰየመ። ሦስቱም መንገድ ለእኛ ክፍት ነው።

የጉዳቱ ስም ደግሞ ከዕቃው ስም የበለጠ ትምህርት ይሰጣል። በእንግሊዝኛ «ቼፍ» የሚባለው ግሥ መሠረቱ የፈረንሳይኛው «ሾፌ» ነው፤ ትርጉሙ ማሞቅ ነው። እኛ ከቤታችን ሰው አድርገን የያዝነው «ሾፌር» የዚሁ ቃል ወንድም ነው፤ ቀድሞ የእንፋሎት ሞተር እሳት የሚያነድደው ሠራተኛ ነበርና። ስለዚህ «ቼፍ» በመጀመሪያ አሞቀ፣ ቀጥሎ አሽቶ አሞቀ፣ በመጨረሻ አሽቶ አቆሰለ ሆነ። ፈረንሳዮች ለአውሮፕላን ሽቦ የሚጠቀሙበት «ራጋዥ» የተገኘው ከመርከበኞች አፍ ነው፤ ገመድ በጠንካራ ነገር ላይ ሲንሸራተት ማለቁን ይገልጻል። የጀርመኑ «ሾየርን» የቤት ወለል ፈግፍጎ ከማጠብ የመጣ ነው። ከሦስቱ አንዱም በቤተ ሙከራ አልተፈጠረም። ሁሉም ከገመድ፣ ከወለልና ከቆዳ ነው የተነሡት።

አሁን ወደ ሽቦው ሽፋን እንመለስ፤ የጠርዙ ክፋት የተገለጠው ሽፋኑ በተለወጠ ጊዜ ነውና። ቀደም ባለው ዘመን ሽቦ በወፍራም ጎማና በተፈተለ ጥጥ ይለበስ ነበር። ይህ ሽፋን ይከብዳል፣ ይቃጠላል፣ በዕድሜም ይሰነጣጠቃል፤ ነገር ግን ጠርዝ ሲያገኘው የሚያስበላው ሥጋ ነበረው። ቴፍሎን መጣ፤ እሳትን በሚገባ ይቋቋማል፣ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ከተጫኑት እንደ ሰም ከጫና ይሸሻል፤ ጠርዙ ላይ የተኛው ክፍል ቀስ በቀስ ሳስቶ መዳቡን ይገልጣል። ቀጥሎም «ካፕቶን» በሚለው የንግድ ስም የሚታወቀው ቀጭን ሽፋን ተስፋፋ። ውፍረቱ ከሩብ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ቀላልና ጠንካራ በመሆኑ በ1970ዎቹ ብዙ አውሮፕላኖች በእርሱ ተሸመኑ። ጉድለቱ ቆይቶ ተገለጠ፤ በአንድ ቦታ ተጎድቶ ብልጭታ ከተፈጠረ ሽፋኑ ወደ ከሰልነት ይለወጣል፣ ከሰልም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ስለዚህ ብልጭታው በሽቦው ላይ እየተጓዘ ጎረቤቶቹን ያነድዳል። ይህን ክስተት ባለሙያዎች «አርክ ትራኪንግ» ይሉታል።

የጠፈር ጉዞ ታሪክ ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ምስክር አለው። የመጀመሪያው አሳዛኝ ነው። ጥር 27 ቀን 1967 አፖሎ 1 በመሬት ላይ በልምምድ ላይ ሳለች እሳት ተነሥቶ ግሪሰም፣ ዋይትና ቻፊ የተባሉ ሦስት ጠፈርተኞች ሞቱ። መርማሪው ቦርድ እሳቱ የተነሣበትን አንድ የተወሰነ ነጥብ በእርግጠኝነት ለይቶ ለመወሰን አልቻለም፤ ነገር ግን ከተጠረጠሩት ቦታዎች አንዱ በመካከለኛው መቀመጫ አጠገብ ያለፈ፣ አንዲት ትንሽ በር በተከፈተችና በተዘጋች ቁጥር እየተነካ የቴፍሎን ሽፋኑ ያለቀ ሽቦ ነበር። ከዚያ በኋላ በተሠሩት መንኮራኩሮች ውስጥ ሽቦዎቹ መሸፈኛ ተደረገላቸው።

ሁለተኛው ምስክር ማንም ያልሞተበት በመሆኑ እምብዛም አይነሣም፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ከሁሉ የበለጠ ግልጽ ነው። ሐምሌ 23 ቀን 1999 ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በሴት አዛዥ፣ በአይሊን ኮሊንስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመርታ ተነሣች። ከመሬት በለቀቀች በ5 ሰከንድ ገደማ በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ኮንታክት ተፈጠረ። በዚህ የተነሣ ከሦስቱ ዋና ሞተሮች የሁለቱ ሞተሮች አንድ አንድ የመቆጣጠሪያ ኮምፒዩተር ጠፋ። ለእያንዳንዱ ሞተር ሁለት ኮምፒዩተር የተመደበለት በመሆኑ የቀሩት ሥራውን ቀጠሉ፤ መንኮራኩሯም ጉዞዋን ቀጠለች። ከተመለሰች በኋላ ሲፈተሽ ጥፋተኛው አንድ የብሎን ራስ ሆኖ ተገኘ። በመፍቻ አያያዝ ጠርዙ ተነቅሎ እንደ ትንሽ የብረት ጥርስ ቆሞ ነበር፤ ሽቦው በእርሱ ላይ ተኝቶ የካፕቶን ሽፋኑ አልቆ መዳቡ ብረቱን ነካ። ኮሎምቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው በ1981 ስለነበር በሽቦ መተላለፊያዎቿ ላይ የአሥራ ስምንት ዓመት የሠራተኛ እጅና እግር አልፏል። መንኮራኩሮቹ ሁሉ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከበረራ ታግደው ሽቦዎቻቸው ተፈተሹ፤ ሻካራ ጠርዞች ተስተካከሉ፣ ለአደጋ የተጋለጡት ሽቦዎችም በሚታጠፍ የፕላስቲክ ቱቦ ለበሱ። የብሎን ራስ የሚያህል ነገር መላውን መርሐ ግብር ለወራት ያቆመበት ጊዜ ነበር።

በተሳፋሪ አውሮፕላን ዘርፍ አሳሳቢነቱን ያመጣው ሐምሌ 17 ቀን 1996 ከኒው ዮርክ ወደ ፓሪስ በመብረር ላይ ሳለ በሎንግ አይላንድ አጠገብ የፈነዳው የቲደብሊውኤ ቦይንግ 747 ነው። 230 ሰዎች ሞቱ። በነሐሴ 2000 የተጠናቀቀው ምርመራ የመካከለኛው ነዳጅ ታንክ ተን መፈንዳቱን አረጋገጠ፤ ያቀጣጠለው ነገር በእርግጠኝነት ባይታወቅም ከታንኩ ውጭ በተፈጠረ ኮንታክት ምክንያት ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ በነዳጅ መለኪያው ሽቦ በኩል መግባቱ ከሁሉ ይልቅ የሚመስል ነው ሲል ደመደመ። መርማሪዎቹ ሌሎች ያረጁ አውሮፕላኖችንም ከፍተው በሽቦ እስሮች ውስጥ የተጎዳ ሽፋንና ከብስ ሥራ የተረፈ የብረት ፍቅፋቂ አገኙ። በግንቦት 1998 ደግሞ ብዙ ሰዓት የበረሩ ቦይንግ 737ዎች ከበረራ ታግደው እንዲፈተሹ ታዘዘ፤ በክንፍ ታንኮቻቸው ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ውስጥ የነዳጅ ፓምፕ ሽቦዎች ሽፋናቸው እስከ ማለቅ ደርሰው ተገኝተዋልና። በዚያው ዓመት መስከረም 2 ቀን በኖቫ ስኮሺያ አጠገብ በወደቀው የስዊስኤር ኤምዲ-11 229 ሰዎች አለቁ፤ እሳቱ የተነሣው ከአብራሪዎች ክፍል ጣሪያ በላይ በሽቦ ብልጭታ መሆኑን የካናዳ መርማሪዎች በ2003 ገለጹ።

በእነዚህ ዓመታት የተነገረ አንድ የሙያ አባባል አለ፤ ሽቦ «ገጥሞ መርሳት» የሚባል ነገር ነበር። የአካሉ ስንጥቅ፣ የሞተሩ ዕድሜ፣ የጎማው መበላት በመዝገብ ይያዝ ነበር። ሽቦው ግን መሣሪያዎችን የሚያገናኝ ክር እንጂ ራሱን የቻለ ነገር ተደርጎ አልተቈጠረም። በምክትል ፕሬዚዳንት ጎር የተመራው ኮሚሽን በየካቲት 1997 ባቀረበው ሪፖርት ያረጁ አውሮፕላኖች ቁጥጥር ከአካላቸው አልፎ ወደ ሽቦና መሰል ነገሮች እንዲዘልቅ ካሳሰበ በኋላ ብዙ ጥናት ተደረገ። የጥናቱ ፍሬ በኅዳር 2007 የወጣው የአሜሪካ ደንብ ነው።

ይህ ደንብ ከመሐንዲሶች ይልቅ የቃላት ሊቃውንትን ሊያስደስት የሚገባው ነው። የመጀመሪያ ሥራው ስም ማውጣት ነበርና። «የኤሌክትሪክ ሽቦ ማገናኛ ሥርዓት» ብለን ልንመልሰው የምንችለውን ስያሜ አቋቁሞ በውስጡ የሚጠቃለሉትን ዕቃዎች በዝርዝር ቈጠረ፤ ሽቦውን ብቻ ሳይሆን የሽቦውን ሽፋን፣ እጅጌውን፣ ማቀፊያውን፣ ማሰሪያውንና የስም ምልክቱን ሳይቀር። ቀድሞ ማንም የማይቈጥራቸው ተራ ነገሮች በአንድ ስም ጥላ ሥር ሲገቡ በሕግ የሚፈተሹ አካላት ሆኑ። በዚያው ደንብ ውስጥ ሥርዓቱ ከሹል ጠርዝና ከማዕዘን እንዲጠበቅ የሚያዝዝ አንቀጽ አለ፤ እዚህ ላይ ግን ሕግ አውጪዎቹ «አብሬዥን» እና «ቼፊንግ» የሚሉትን ሁለት ቃላት በእዝባር ብቻ አያይዘው አልፈዋል። ሁለቱ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ? እንግሊዝኛ አንባቢው በእዝባሩ ላይ ተንሸራትቶ ያልፋል። ተርጓሚው ግን ቆሞ መወሰን አለበት።

ወደ ራሳችን ቋንቋ ስንመለስ በመጀመሪያ የምናገኘው ሁለት የውሰት ንብርብር ነው። የመሬት ላይ መካኒክ ቃላት በአብዛኛው ጣልያንኛ ናቸው፤ ላሜራ፣ ቪቴ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ፋሸታ፣ ናስትሮ፣ ጎሚኒ። የአውሮፕላን ሙያ ግን በእንግሊዝኛ ነው የገባው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም የቴክኒክ ባልደረባው ከላይ የጠቀስነው ቲደብሊውኤ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ወደ ካይሮ የተደረገው የመጀመሪያው በረራም የተከናወነው የዲሲ-3 ወታደራዊ ወንድም በሆነው ሲ-47 ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት የጎማ ቀለበት በጋራዡ «ጎሚኒ»፣ በአውሮፕላን መጠገኛው «ግሮሜት» ይባላል ማለት ነው። ሁለቱም ቃላት በየቦታቸው ይሠራሉ፤ ማንም ሊነቅላቸው አይገባም። የጥገና መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ መዝገቡም በእንግሊዝኛ የሚሞላ በመሆኑ በባለሙያው አፍ ላይ አዲስ አማርኛ መጫን አደገኛ ነው የሚሉ ወገኖች አሉ፤ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት እውነት አላቸው። ነገር ግን የአደጋ ሪፖርት ለሕዝብ የሚተረጉም፣ የሙያ ትምህርት ቤት መጽሐፍ የሚያዘጋጅ፣ በፍርድ ቤት የባለሙያ ምስክርነት የሚያስተረጉም ሰው በዚያ መጠጊያ ሊጠለል አይችልም። «ሽቦው ተቆርጦ ተገኘ» ብሎ የተረጎመ እንደሆነ አንባቢው መቀስ የያዘ እጅ ይፈልጋል።

ለጉዳቱ የሚቀርቡትን ቃላት አንድ በአንድ ብንመረምር የሚከተለውን እናገኛለን። «ሰበቃ» እንጨት በእንጨት ፈትጎ እሳት ከማውጣት የመጣ ግሩም ቃል ነው፤ ከ«ቼፍ» ጋር የሙቀት ዝምድና አለው፤ በትምህርት መጻሕፍት ግን ለፊዚክሱ ጠቅላላ ኃይል ስለሚያገለግል ለአንድ ቁስል ስም አድርጎ ማጥበብ ግራ ያጋባል። «ፍትጊያ» ከገብስና ከስንዴ ነው የመጣው፤ ፍትግ ገብስ ገለፈቱ የለቀቀለት ነው፤ ሽፋን መግፈፉን ይገልጻል። ነገር ግን ፈታጊው ሆን ብሎ ነው የሚፈትገው፣ ውጤቱም የሚፈለግ ነው፤ በዚያም ላይ ዛሬ ቃሉ ወደ ፖለቲካ ንግግር ተሰድዷል። «መፋቅ» መሣሪያና ዓላማ ያለው ሥራ ነው፤ ለ«አብሬዥን» ይሆናል፣ የላቲኑ ሥር ራሱ መፋቅና መላጨት ነውና።

ሁለት ቃላት ይቀራሉ። «ከረከረ» የገመድና የስለት ቃል ነው፤ ገመድ አንገት ይከረክራል፣ ጠርዝ ገመድ ይከረክራል፤ ወዲያና ወዲህ ማለቱ በድምፁ ውስጥ እንኳ ይሰማል። ችግሩ ስሙን «ክርክር» ብንል የሸንጎ ሙግት መምጣቱ ነው። ሁለተኛው «ገጠበ» ነው። ጭነት ወይም ኮርቻ የጋማ ከብትን ጀርባ አሽቶ ሲያቆስል ገጠበው ይባላል፤ የቆሰለውም ገጣባ ነው። ይህን ቃል ከሌሎቹ ሁሉ የሚለየው አንድ ነገር አለ። ገጠባ የሚደርሰው ከጭነቱ ሥር ነው፤ ጭነቱ እስካልወረደ ድረስ አይታይም፤ እንስሳውም በቆመበት ጤነኛ ይመስላል። የአውሮፕላን ሽቦም የሚጎዳው በማቀፊያው ሥር፣ በእስሩ መካከልና በቀዳዳው ጥግ ነው፤ ፈታሹ ማቀፊያውን ፈትቶ እስሩን ካልገለጠ አያገኘውም። «ቼፍ» በሚለው ቃል ውስጥ ይህ ስውርነት የለም፤ በእኛው ቃል ውስጥ አለ።

የአህያ ጀርባ ቃል ለአውሮፕላን ይዋረዳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የልጓም ሰንሰለት ለእንግሊዞች፣ የማንቆርቆሪያ ጡት ለጀርመኖች አላፈራቸውም። ስለሆነም ለጠርዙ ድርጊት «ከረከረ»ን፣ በሽቦው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት «ገጠበ»ን ማዋል ሚዛናዊ ይመስላል፤ «ከርካሪ ጠርዝ» አንድ ነገር ነው፣ «የተገጠበ ሽቦ» ሌላ ነገር ነው፤ መንስኤና ውጤት በአንድ ቃል ሳይደባለቁ ይለያሉ። የገጠባውንም ደረጃ ለመግለጽ አማርኛ አይቸገርም፤ ሽፋኑ ምልክት የያዘ፣ ሽፋኑ የሳሳ፣ መዳቡ የተገለጠ፣ የመዳቡ ክሮች የተበጠሱ ማለት ይቻላል። «ኮንታክት» ከሦስተኛው ደረጃ በኋላ የሚመጣ ነው፤ በዚያ ቦታው ቢቀመጥ ጥፋት የለበትም።

ለመከላከያው ዕቃ ደግሞ ከስፌት ቤት የሚገኝ ቃል አለ። የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር በክር ይዘመዘማል፤ የቁልፍ ቀዳዳም እንዲሁ። «ዝምዝማት» ለማናቸውም የላሜራ ጠርዝ መሸፈኛ፣ ከጎማም ሆነ ከናይሎን ቢሠራ፣ የተስማማ ይመስለናል። «ጎሚኒ» ለክቡ የጎማ ቀለበት ይቆይ፤ ናይሎኑን ጎሚኒ ብንለው ግን ስሙ ስለ ቁሱ ይዋሻል። በጎማ የተለበጠውን ማቀፊያ «ባለመደላድል ማቀፊያ» ማለት ይቻላል፤ መደላድል ከኮርቻ ሥር የሚገባ ነውና ከ«ገጠበ» ጋር ቤተሰብ ሆኖ ይኖራል።

አከራካሪ ሆኖ የሚቀረው ባለጥርሱ የናይሎን ዝምዝማት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሠራተኞች በትል ቅርጹ «ካተርፒላር» ይሉታል፤ ቃል በቃል ብንመልሰው «አባጨጓሬ» ይሆናል። ቅርጹ በእርግጥ ይመስላል፤ ሲታጠፍም እንደ እርሱ ነው። ነገር ግን በእኛ አገር አባጨጓሬ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ቅርጹ ሳይሆን የሚያሳክከው ፀጉሩ ነው፤ ከቆዳ ቁስል የሚጠብቅን ዕቃ በቆዳ በሚያሳክክ ፍጡር መሰየም ተቃርኖ አለው። «ባለጥርስ ዝምዝማት» ደረቅ ቢሆንም ይሻላል። ለ«አርክ ትራኪንግ» «የከሰል ፈለግ» የሚል ሐሳብ አለ፤ «ፈለግ» የሄደውን ሰው ዱካ እንጂ ገና በመሄድ ላይ ያለውን እሳት አያሳይም የሚል ተቃውሞ ስላለበት ግን የሌሎች ተርጓሚዎችን ጥቆማ ይጠብቃል።